ቀኝ ዓይናችሁን ሸፍኑ

ቶሮንቶ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። በፌብሩዋሪ የጥቁሮች ታሪክ ሲዘከር ስለ አንድ ስፖርተኛ በአማርኛ እንዳወጋቸው ተጠየቅኩ። ልጆቹ የሚያብዱት ለበረዶ ሆኪ ስለሆነ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል የተጫወተውን የመጀመሪያውን ጥቁር፣ ዊሊ ኦሪን መረጥኩ። እኔ ራሴ ጨዋታውን የማውቀው ልጄን አደርሳለሁ ብዬ ቀዝቃዛ አግዳሚ ላይ በማንቀላፋት ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሸፈ። በ1935 ፍሬደሪክተን ከተማ ተወለደ፣ ከአሥራ ሦስት ልጆች የመጨረሻው ነበር፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ ሞንትሪያል ላይ ተጫወተ እያልኩ እንደ ዜና አንባቢ ወረድኩት። «ከዚያስ?» አለች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከዚያማ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ። በኋላ ዳግም ቢጠራም በኤንኤችኤል ያለው ጠቅላላ ድምር 45 ጨዋታና 4 ጎል ነው። «አራት ብቻ?» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን ሃምሳ የሚያገባ ተጫዋች ለሚያውቅ ልጅ አራት ጎል ምኑ ነው?

ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ዋናውን ነገር ሳልናገር መቅረቴን አየሁ። ኦሪ ገና በወጣትነቱ ፓክ (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታው ጠንካራ የጎማ ዝርግ) ፊቱን መትቶት የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። ሐኪሙ ሆኪ በቃህ አለው። እሱ ግን ለክለቦቹ ትንፍሽ ሳይል ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠረጴዛዎቹን ገፋን። የሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ እንደ ገና ጨዋታ ሩር አደረግኩት። «ቀኝ ዓይናችሁን ሸፍኑ» አልኩ። አንዱን ልጅ ፊቱን ወደ በሩ አዙሬ በግራ ግድግዳ በኩል አቆምኩትና ከቀኙ ወረወርኩለት። ካልሲው ጆሮውን መታው። ሁለተኛውን ለመቅለብ አንገቱን እስከ ትከሻው ድረስ መጠምዘዝ ነበረበት፤ በሩን ረሳው። «ግራ ክንፍ ሆኖ የተጫወተው እንዲህ ነው» አልኳቸው። ቀጥሎ ቀኝ ግድግዳ አጠገብ አቁሜው ከግራው ወረወርኩ። አንገቱን ሳያዞር ቀለበው።

ክፍሉ ጸጥ ሲል ታሪኩን ቀጠልኩ። በታችኛው ሊግ በሚጫወተው በሎስ አንጀለስ ብሌድስ አሰልጣኙ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው፤ ፓኩ ከሚያይበት በኩል መምጣት ጀመረ። በ1964–65 የውድድር ዘመን 38 ጎል አገባ። ጫማውን የሰቀለው በ1979፣ በ43 ዓመቱ ነው። ቦስተንም በ2022 የ22 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ ሰቀለለት። ቀኖቹን ያለ ልመና ያዟቸው። አሁን ትምህርት ሳዘጋጅ መጀመሪያ የምፈልገው የሚጨበጥ ነገር ነው፤ ካልሲም ቢሆን።

ያላሰብኩት ጥያቄ የመጣው ከኋላ ነው። ልጇን ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ኖሯል። «መምህር፣ ልጆቻችን ሕመም መደበቅ ይማሩ እንዴ?» አለችኝ። በጊዜው ደንቡ ባለ አንድ ዓይን ተጫዋች እንደማይፈቅድ፣ ቢናገር እንደሚባረር አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ አላሳመንኳትም። ደግሞም ሌላ ፓክ ግራ ዓይኑን ቢመታውስ ኖሮ ምን እል ነበር? ልጇ ግን ዓይኑን እንደሸፈነ ቀኝ ግድግዳ ሥር ቆሞ ካልሲውን እየጠበቀ ነበር።