«እኔን ነው የረሳው?»

የምሠራው የንግግር ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ስትሮክ መትቷቸው መናገር ያቃታቸው ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ከሁሉም አንድ አዛውንት ከአእምሮዬ አይጠፉም።

ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ነበሩ። አንዱ አፍ የፈቱበት፣ ከባለቤታቸው ጋር የሚያወሩበት ነው። ሌላውን ከጎለመሱ በኋላ ለሥራ ብለው ነው የተማሩት። ከስትሮኩ በኋላ ቀድሞ የተመለሰላቸው ግን የሥራው ቋንቋ ሆነ። ቁርጥርጥ ይበል እንጂ «ውሃ»፣ «ይበቃል»፣ «ነገ» ይሉበታል። ባለቤታቸው በቤታቸው ቋንቋ ሲያናግሯቸው ግን ዝም።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ እኔን ነው የረሳው?» አሉኝ ባለቤታቸው። ካርዱ ላይ ደግሞ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጠፍቷል» ተብሎ ተጽፏል።

ይህ አልተዋጠልኝም። አለመናገር ሌላ፣ አለማወቅ ሌላ። በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የመረመረው ዝነኛ ታካሚ ከአፉ የሚወጣው «ታን» የምትል ድምፅ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። የሚሉትን ግን ይረዳ ነበር።

ስለዚህ ባለቤታቸውን አጠገባቸው አስቀመጥኩና የቁልፍ፣ የጫማ፣ የማንኪያና የወንበር ሥዕል ደረደርኩ። «እርስዎ በቋንቋችሁ ይጥሩለት፤ እንዲናገር አይጠብቁ» አልኳቸው። «ቁልፍ» አሉ። ሰውየው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው በግራቸው ቁልፉን ነኩ። ከበድ አደረግነው፤ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ ወንበሩን። ትንሽ ቆዩ። ጣታቸው ማንኪያው ላይ ደርሳ ተመለሰችና ጫማውን፣ ከዚያም ወንበሩን ነኩ።

«ይሰማኛል ማለት ነው?» አሉ ባለቤታቸው። ይሰማቸዋል!

ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በአንዱ ሲያወራ ሌላውም አይተኛም። አንጎል የማይፈለገውን ገታ፣ የሚፈለገውን ለቀቅ ያደርጋል። በዚህ ሥራ የፊተኛው የአንጎል ክፍልና ከሥር ያሉ ክፍሎች ይሳተፋሉ። እነሱ ሲጎዱ አንዱ ቋንቋ እንደተገታ ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ነው የሚያገግሙት። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ዛሬ አንዱ ይመጣል፣ ሌላ ቀን ሌላው። አልበር ፒትር የተባለ ሐኪም ደግሞ ገና በ1895፣ ቀድሞ የሚመለሰው ከሕመሙ በፊት በብዛት የተሠራበት ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። እኚህም አባት እስከታመሙበት ቀን ድረስ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት በሥራው ቋንቋ ነበር። ፍቅር የሚለካበት ነገር አይደለም። ይህንን ለባለቤታቸው ደጋግሜ ነገርኳቸው።

ልጆቻቸው «ያንን ቋንቋ ከልክሉልን» ብለውን ነበር። እምቢ አልን። በመጣላቸው ይመልሱ፣ እናንተ በራሳችሁ አውሩላቸው አልናቸው። የቤቱ ቋንቋ ብቅ ያለው በቆጠራ ነው፤ ባለቤታቸው «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ «ሦስት» ብለው ቀጠሉ። በቃል የተያዘ ነገር ከሌላው ንግግር ቀድሞ መውጣቱ የተለመደ ነው።

ካርዱ ተስተካከለ። አሁን አዲስ ታካሚ ሲመጣ የትኛውን ቋንቋ መቼ እንደለመደ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራበት ቤተሰቡን እንጠይቃለን። መስማቱንና መናገሩንም በየቋንቋው ለየብቻ እንፈትሻለን።