የከተማ ፕላንን በአንድ ግቢ ተማርኩት

የከተማ ፕላን ለመማር በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ስመዘገብ በቅየሳ ሥራ ሰባት ዓመት አሳልፌ ነበር። መሬት መለካት አውቃለሁ፤ የወሰን ድንጋይ የት እንደሚተከልም አውቃለሁ። የማላውቀው፣ የምከተለውን መስመር ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ለምንስ እዚያ ላይ እንዳሰመረው ነበር። የቤት ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ «ይህ መንገድ በእኔ ግቢ እንዲያልፍ ማን ወሰነ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ፕላኑ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ይህ መልስ ማታ ማታ ይከነክነኝ ጀመር። ትምህርት ቤት የመለሰኝም ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በሽምደዳ ፈጀሁት። ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን ንድፈ ሐሳቡን፣ በሌላው ወገን ሕጉን እጽፍ ነበር። በግራ በኩል እንግሊዛዊው የከተማ አሳቢ ኤቤኔዘር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1898 ያቀረበው የ32 ሺህ ሰዎች የአትክልት ከተማ አለ፤ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ ከፕላን በፊት ጥናት ይቅደም ማለቱ አለ። በቀኝ በኩል የአዋጅ ቁጥር ተደርድሯል። ሁለቱ ወገኖች አንድም ቀን ሳይነጋገሩ ፈተና ደረሰ። ውጤቴ አሳፋሪ ነበር።

ከዚያ በላይ ያደከመኝ ነገር ደግሞ ቀላል ይመስላል። የከተማ መሬት በሊዝ የሚያዝበትን አዋጅ ቁጥር 721/2004ን አንብቤ ስጨርስ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ 721/2011 የሚል አገኘሁ። ማሻሻያ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ፈለግኩት። የሊዝ አዋጁ አንድ ነው፤ አንዱ ጽሑፍ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለጻፈው ነው። የከተማ ፕላን አዋጁም እንዲሁ 574/2000 ወይም 574/2008 ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ሕግ ዓመት ስጽፍ አጠገቡ የዘመን አቆጣጠሩን ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም። ሌላም ነገር ያኔ ገባኝ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ቢለያዩ ግን የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። መማሪያ መጻሕፍቶቻችን በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ብዙዎቻችን አዋጁንም በእንግሊዝኛ ማንበብ ይቀናናል። እኔ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከአማርኛው መጀመር ልማዴ አደረግኩ። ፍርድ ቤት የሚቆመው ሰው የሚዳኘው በዚያ ቃል ነውና።

አንድ መምህሬ ፈተናዬን ሲመልስልኝ «ሕጉን በሙሉ ለመያዝ አትድከም። አንድ ቁራሽ መሬት ያዝና ሕጉ ሁሉ በእሷ ላይ ይለፍ» አለኝ። ሌላ ቦታ መፈለግ አላስፈለገኝም። ካዛንቺስ የተወለድኩበትን ግቢ ያዝኩ። ስምንት በር፣ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ከኋላ የጋራ መጸዳጃ ቤት።

ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ግድግዳ ስለካ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እማማ የምላቸው ጎረቤታችን ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «የኔ ልጅ፣ የምትለካው ልታፈርሰው ነው ልትሠራው?» አሉኝ። «ልማርበት ነው እማማ» አልኳቸው። «እሱስ ጥሩ። ብቻ ከለካህ በኋላ የሚመጣውን ሰው ንገረኝ» አሉ። በእኛ ሰፈር ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያስከትል የሚያውቁ እናት ናቸው።

ግቢውን ይዤ ወደ ኋላ መቁጠር ስጀምር ነገሩ ሁሉ መልክ ያዘ። የሰፈሩ ስም ራሱ የፕላን ታሪክ ነው፤ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ተቋም ስም፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው። የጣሊያኖቹ አርክቴክቶች ጉይዲና ቫሌ ያዘጋጁት ፕላን አበሻውንና ጣሊያኑን በሰፈር ለመለየት የታሰበ ነበር፤ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ የተመሠረተውም በዚሁ አሳብ ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ ቀለበት መንገድና የሰፈር ማዕከላት ያሉበትን ፕላን ይዞ መጣ። ከእሱም በኋላ ሌሎች መጡ። ከተማዋ የተደራረቡ አሳቦች ናት፤ አንዱም ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመ፣ አንዱም ሙሉ በሙሉ አልጠፋ።

እናቴ ከሣጥኗ ያወጣችልኝ የኪራይ ደብተር ደግሞ ወደ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወሰደኝ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ያኔ ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ገቡ። የእኛ ስምንት በሮች የቀበሌ ቤት የሆኑት እንዲህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ቆርቆሮው እየዛገ ለምን ሳይለወጥ እንደኖረ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር። ቤቱ የእኛ ባለመሆኑ ለትንሽ እድሳት እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ነገ ትነሣላችሁ ለሚባል ቤትስ ማን ገንዘቡን ያፈሳል?

ንድፈ ሐሳቡና ሕጉ በደብተሬ ውስጥ የተገናኙትም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣችው የከተማና ገጠር ፕላን ሕግ መሬቱን ለባለቤቱ ትታ የማልማት መብቱን ብቻ ወደ መንግሥት አዞረች። ስለዚህ ግለሰቡ ሊገነባ ሲፈልግ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ባለሥልጣኑም ጉዳዩን አይቶ ይወስናል። አሜሪካ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1926 በዩክሊድ መንደር ጉዳይ ላይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ዞኒንግን፣ መሬትን በአገልግሎት ዓይነት መከለልን፣ አጽንታ ይዛለች፤ የተፈቀደው አስቀድሞ በሕግ ይጻፋል። ሁለቱም የተወለዱት መሬት የግል በሆነበት አገር ነው፤ የፕላን ዋና ሥራ እዚያ ባለቤቱን መግራት ነው። እኛ ጋ ግን መንግሥት መሬቱን ራሱን ይዟል። ፕላኑን የሚያወጣው፣ መሬቱን በጨረታና በምደባ የሚያስተላልፈው፣ ከሊዙ ገቢ የሚያገኘውም የመንግሥት አካል ነው። ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የሚሰጠው ሊዝ የሽያጭ ውል አይደለም፤ የፕላን መሣሪያ ነው። ይህን ልዩነት ሳይዙ የውጭውን ንድፈ ሐሳብ እንዳለ መጥቀስ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የእኛን ግቢ ማየት በቂ ነበር። ለአበርክሮምቢ ለንደን የሚሠራ ቁልፍ ካዛንቺስን አይከፍትም።

አዋጅ 574ን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ከትርጓሜው ክፍል ጀመርኩ። መጀመሪያ ጊዜ ዘልዬው ነበር፤ ትልቁ ስህተቴም ይኸው ነው። የመላ ከተማው ፕላን የሆነው መዋቅራዊ ፕላን ማለት ካርታው ብቻ አይደለም፤ አዋጁ ከማብራሪያ ጽሑፉ ጋር አስገዳጅ ያደርገዋል። እኛ ቀያሾች ጽሑፉን አይተነውም አናውቅም ነበር። ቀለሙን እናያለን፤ ቢጫ ከሆነ መኖሪያ፣ አረንጓዴ ከሆነ ክፍት ቦታ እንላለን። ከሥሩ ያለው የአካባቢ ልማት ፕላን ከመዋቅራዊ ፕላኑ ጋር መጣጣም አለበት፤ መዋቅራዊ ፕላኑም በበኩሉ ከበላዩ ላለው የክልልና የአገር ማዕቀፍ ይታዘዛል። ስለዚህ አንድ መስመር ጥያቄ ሲያስነሣ መልሱን ከአንድ ደረጃ በላይ መፈለግ ተማርኩ። ደግሞ ሌላ ነገር። በ1፡2000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ እርሳስ መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው። የእማማ ምድጃና የውጭ ግድግዳቸው በዚያ እርሳስ ውፍረት ውስጥ ይገባሉ። ይህን ካሰላሁ ጀምሮ እርሳሴን ሳልቀርጽ መስመር አላሰምርም።

የተግባር ልምምዴን ያደረግኩት ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ረቂቅ ፕላን ለነዋሪው የሚቀርብበት ስብሰባ ተጠራ፤ ሕጉ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዝዛልና። አዳራሹ ሞላ፣ ካርታው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ባለሙያው ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ዘርፍና ስለ ጥግግት አስረዳ። «አስተያየት?» ሲል ጸጥታ ሆነ። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የሳለችው፣ ነዋሪው በውሳኔ ላይ ያለውን ድርሻ የሚያሳይ የተሳትፎ መሰላል ስምንት እርከን አለው፤ እኛ ያን ዕለት ሦስተኛው ላይ፣ ማሳወቅ ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የትኛው ነው?» አሉ። ካርታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርጽ እንጂ ስም አልነበረውም። ከአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው የራሱን ቤት አላገኘም።

በዕረፍቱ እርሳስ ይዤ ካርታው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ማርያም። ወፍጮ ቤት። የድሮው ትምህርት ቤት። ላሞች የሚሻገሩበት ድልድይ። ሰዎች ከኋላዬ ተሰብስበው «እሱ አይደለም፣ ከእሱ በታች» እያሉ ያርሙኝ ጀመር። ከዚያ አንዲት ሴት ገበያው ይሰፋበታል የተባለውን ቦታ በጣቷ ነክታ «እዚህ እኮ ሐምሌ ላይ ውኃ ይተኛል፤ በርበሬያችንን የት ልናሰጣ ነው?» አለች። ባለሙያው ቀና ብሎ አያት። የጥናት ሰነዱ ውስጥ ይህ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስታችን ሄደን አየነው፤ የገበያው ቦታም ወደ ላይኛው ሜዳ ተዛወረ። ለእኔ በትምህርቱ ዘመን ሁሉ ከዚያች ቀን የበለጠ ክፍለ ጊዜ አልነበረም። አሜሪካዊው ፕላነር ፖል ዴቪዶፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ፕላነር ድምፅ ለሌለው ወገን ይሟገት ያለው በጽሑፍ ሲነበብ የፖለቲካ ንግግር ይመስላል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ሙግቱ የጀመረው ካርታው ላይ «ወፍጮ ቤት» ብሎ በመጻፍ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለውን የካሳ ሕግ እያጠናሁ ሳለሁ ሕጉ ተለወጠ። አዋጅ 455/1997 ዓ.ም.ን አንቀጽ በአንቀጽ ከግቢያችን ጋር አነጻጽሬ ነበር፤ እሱን የተካው 1161/2011 ዓ.ም. ሲወጣ ሁለት ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩ። አማርሬ ነበር፤ አሁን ግን ደስ ይለኛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ባላነብ ኖሮ አዲሱ የጨመረውን ነገር አላየውም ነበር። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ የሚል ሐሳብ ገባ። ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብት አገኘ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ስምንቱ በሮች ተመለስኩ። ካሳ በዋናነት የሚሰላው መሬቱ ላይ ባለ ንብረት ነው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ግድግዳውም መሬቱም የእሱ አይደለም። በአሠራር ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠው ነበር። አርባ ዓመት አብሮ የተጠጣ ቡና በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ግን እስከ መጨረሻው ያስቸገረኝ ጥያቄ ነው፤ በጽሑፌም እንደ ጥያቄ ተውኩት። ዛሬም ቢሆን ጀማሪ ሲጠይቀኝ፣ አዋጅ ስታነብ የጠፋውንም ሰው ፈልግ እለዋለሁ፤ የተጠቀሰውን ሰው ማግኘት ቀላል ነው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ እናቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፣ እማማ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ወደ ልጃቸው ሄዱ። ባለፈው እሑድ ያን የትምህርት ቤት ሥዕሌን ከጥቅሉ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አድርጋ በሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ቧንቧውን አገኘች፣ የውጭ በሩን አገኘች። ከዚያ ጣቷን በግቢው መካከል ባዶ ቦታ ላይ አሳርፋ «ሎሚው የታለ?» አለችኝ። አልሣልኩትም ነበር። እርሳስ ፈልጌ ቀረጽኩና እሷ «እዚህ፣ ወደ ቧንቧው ጠጋ አድርገው» እያለች ሣልኩት።