ኮምፒውተሬ ባጃጅ ሲያባርር

ጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀረው አከራዬ የጠላ ብቅላቸውን ግቢው ውስጥ አሰጡና ጠሩኝ። «ልጄ፣ መቼም ቀኑን ሙሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጎልተህ ነው የምትውለው። እግረ መንገድህን ዶሮዎቹን እሽ በልልኝ።»

ያኔ በርጩማዬን ይዤ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ። አፌን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እትዬ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ? ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠብቅልዎታል» አልኳቸው።

ኮምፒውተር በካሜራ የሚያየውን እንዲለይ የሚያደርግ ኦፕን ሲቪ የሚባል ነፃ ላይብረሪ፣ ማለትም ተጽፎ ያለቀ የኮድ ስብስብ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንቴል ውስጥ የተጀመረ አንጋፋ ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብጽፈው ለምሳ እደርስ ነበር። እኔን ግን በዚያ ሰሞን የረስት ፍቅር ይዞኛል። ረስት የመጀመሪያው የተረጋጋ ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ከኦፕን ሲቪ ጎን ሲቆም ጡት ያልጣለ ሕፃን ማለት ነው።

«በረስት ነው የምሠራው» ስላቸው እትዬ ደነገጡ። «ርስት? የሁለት ወር ኪራይ እያለብህ ርስት ከየት አመጣህ?»

ጣጣው ኦፕን ሲቪ የተጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል ሌላ ቋንቋ መሆኑ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ሲተረጎም፣ የትዕዛዞቹን ስም እንደነበረ አይተወውም፤ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀበሉ ሁሉ ስሙ ውስጥ ይጠቀጥቅበታል። ረስት ሄዶ በተራ ስሙ ቢጣራ «እዚህ ሰፈር እንዲህ የሚባል የለም» ተብሎ ይመለሳል። ደግነቱ ሁለቱም የሚያከብሩት ሽማግሌ አለ፤ ሲ የሚባለው ቋንቋ። ስለዚህ መሃል ላይ በሲ ደንብ የሚናገር ድልድይ ይጻፋል፤ ረስት ለሽማግሌው ይነግራል፣ ሽማግሌው ወዲያ ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመጣል። ተሠርቶ ያለቀ ማገናኛ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እኔ ግን በሰው ሽማግሌ አላገባም ብዬ የራሴን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ኦፕን ሲቪን ከነምንጩ ኮምፓይል ማድረግ ጀመርኩ። ሰዓታት ፈጀ። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ተዝካሩ ራሱ ወጥቷል። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለልኝና ደስ አለኝ፤ ለካ ግማሽ ላይ የተቆረጠውን ፋይል ያለቀ መስሎት አልፎት ኖሯል። መጨረሻ ላይ ተገተረ። ከዜሮ እንደገና።

በአራተኛው ቀን ሁሉም ተገጣጠመ። የእትዬ ዶሮዎች ሦስቱም ቀይ ናቸው፤ ስለዚህ መላው ቀላል ነው። ካሜራዋን መስኮቱ ላይ አሰርኳት፤ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየች ድምፅ ማጉያው እኔ በስልክ የቀዳሁትን የእትዬን ድምፅ ይለቃል፦ «እሽ! እሽ! ውጪ ከዚህ!»

ቅዳሜ ጠዋት ከፍቼው ቁርሴን ልበላ ገባሁ። ወዲያው «እሽ! ውጪ ከዚህ!» ሲል ሰማሁት። ሠራ! ቆይቶ ደግሞ። ከዚያ ደግሞ። እነዚህ ዶሮዎች ዛሬ ምን ነካቸው ብዬ ስወጣ፣ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ማዘር፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

የጎንደር ባጃጅ ሰማያዊ ነው። ሰፈራችን ደግሞ ወደ ፋሲል መዋኛ መውረጃው ላይ ስለሆነ ለጥምቀት የሚሰናዳው ሁሉ በባጃጅ ይመላለሳል። ኮምፒውተሬ ያለፈ ያገደመውን ባጃጅ በእትዬ ድምፅ ሲያባርር አርፍዷል። ሦስቱ ቀይ ዶሮዎች ብቅሉ መሃል ገብተው፣ ስድቡን እንደ ምርቃት እየሰሙ ይለቅማሉ።

እትዬ ከጓዳ ወጡ። ብቅሉን አዩ፣ ባጃጁን አዩ፣ እኔን አዩ። «ኧረ በሥላሴ! ያቺ የምትጮኸው እኔ ነኝ?»

ጥፋቱን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላው ዓለም ቀለምን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብሎ ሲደረድር ኦፕን ሲቪ ከኋላ ይጀምራል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ሲፈጠር የነበሩት ካሜራ ሠሪዎች እንደዚያ ለምደው ነው አሉ። የቀለም መለወጫው ትዕዛዝ ቁጥር አለው፤ በሰማያዊ ለሚጀምር ምስል 40፣ በቀይ ለሚጀምር 41። እኔ ቁጥሩን በእጄ ስገለብጥ 41 ብያለሁ። ባጃጁ ቀይ፣ ዶሮው ሰማያዊ ሆነ ማለት ነው። ረስት ስህተት አላሳልፍም እያለ የሚኩራራ ቋንቋ አልነበር? ከድልድዩ ማዶ ላለው ግን አያገባውም፤ አስቀድሞ «ኃላፊነቱ የራሴ ነው» አስብሎ አስፈርሞኛል። ደግሞስ 41 ቁጥር ነው፤ በምን ይጠርጥረው?

እትዬ ዱላ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ። «ኮምፒውተርህ ይረፍ። አንተ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ዱላው በቀኝ፣ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ። ማንም ሳያየኝ 41ዱን 40 አድርጌ መልሼ ከፈትኩት። አንዷ ዶሮ ጠጋ ስትል «እሽ!» አለ፤ ክንፏን እያራገበች ፈረጠጠች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አመሻሹ ላይ ብርድ ብርድ ሲል እትዬ ብቅሉን ሊያነሱ ሰፌዳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ቀይ ሹራባቸውን ደርበዋል።

«እሽ! እሽ! ውጪ ከዚህ!»