የመጨረሻዋ ቃል

ሰብታይትል መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። እንደዚያች ቃል ያንገበገበኝ ግን የለም።

የአማርኛ ፊልም ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ስክሪፕቱን ስጠይቅ "አክተሩ ሎኬሽን ላይ ብዙ ስለቀየረ አይገጥምም" ተባልኩ። እሺ ብዬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሄድፎኔን አድርጌ ቁጭ አልኩ። ቀን ቀን ጎረቤቶቼ ሴራሚክ ሲያስቆርጡ ስለሚውሉ የምሠራው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

መጨረሻው ላይ አባትየው የሞተ ወንድ ልጁ ክፍል በር ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል። ፊቱ አይታይም። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሴት ልጁ ከኋላው "አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? እሱ እኮ የለም" ትለዋለች። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ቃል ይመልስላታል። በቃ፣ ፊልሙ አለቀ።

እኔ የምሰማው "…ማል" የምትለዋን ብቻ ነው። ድምፅ ስጨምር ዝናቡም አብሮ ይጨምራል። ሃያ ጊዜ መላልሼ "ያማል" ነው አልኩና ጻፍኩት። ልጁ የሞተበት አባት ሌላ ምን ይላል?

ልቤ ግን አልረጋም። ዳይሬክተሩ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ቃል አልሰማ አለችኝ።"

"ይሰማል።"

"እኔ ጋ ግን ዝናቡ ውጦታል።"

"ይሰማል ነው የምልሽ!"

ስልኩ ተዘጋ። በጣም ከፋኝ። ሥራውን ለእነሱ ብዬ ስጨነቅበት እንዴት እንዲህ ይመልሱልኛል ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ድምፁን ሚክስ ያደረገውን ልጅ ለመንኩት። የተላከልኝ ስቴሪዮ ነበር። 5.1 በሚባለው፣ ብዙ ስፒከር ባለው የሲኒማ ድምፅ ላይ ንግግር በአብዛኛው መሃለኛው ቻናል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ዝናብና ነፋስ የመሳሰለው ደግሞ ወደ ዳር ዳር ይበተናል፤ ወደ ስቴሪዮ ሲጠቀለል ግን ሁሉም ሁለት ስፒከር ላይ ይተፋፈጋል። በተለይ "ሰ" ራሷ እንደ ቆርቆሮ ዝናብ የምትሿሿ ድምፅ ስለሆነች ቶሎ ትዋጣለች። ልጁ መሃለኛውን ቻናል ብቻውን ነጥሎ ላከልኝ።

"ሰ" ቁልጭ ብላ መጣች። የበለጠ ያስደነገጠችኝ ግን "ማ" ናት። ላልታ ነው የወጣችው፤ ከንፈሩ ገጠም ብሎ ወዲያው ተከፈተ። "ያማል" ሲባል እኮ "ማ" ትጠብቃለች። ሰውዬው ያለው "ይሰማል" ነው። ጠብቆ ቢሆን ድምፁ ይሰማል ማለት ነበር፤ ላልቶ ሲነገር ግን የሞተው ልጁ ነው የሚሰማው። በሩ ወዲያ ሆኖ አባቱን ይሰማል! ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፣ እንግሊዝኛው ግን ሁለት የተለያየ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ያ ሁሉ ፊልም ወደዚህች ቃል ሲጓዝ ቆይቶ እኔ አባትየውን "ያማል" ላስብለው ነበር። እንባዬ መጣ።

ያኔ ነው ስልኩ ትዝ ያለኝ። እሳቸው ቃሉን እየነገሩኝ ነበር። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ቁጣ ሰማሁ።

ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ለካ 'ይሰማል' ነው የሚለው።"

"ታዲያ እኔ ሁለቴ ምን አልኩሽ?"