አልጋዬ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ

አሮጌዋ የመኖሪያ መኪናዬ ጣሪያዋ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጠብታው አልጋው ላይ ስለሚወርድ፣ ሁሌም ልክ ከአልጋው በላይ ያለውን ጣሪያ ሲሊኮን እቀባ ነበር። ስህተቱ እዚያ ጋ ነው። ውሃ ብዙ ጊዜ በገባበት ቦታ አይወርድም፤ የጣሪያውን እንጨት ተከትሎ ርቆ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው።

በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ውስጥ ሆኖ እያየልኝ በውሃ ጎማ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጠጣሁት፤ ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም መጋጠሚያ ስለሚርስ የቱ እንዳፈሰሰ አይለይም። ቀዳዳው የተገኘው ከአልጋው ሁለት ሜትር ርቆ፣ የአየር ማስወጫው ዙሪያ!

ከባዱ ሥራ የድሮውን ሲሊኮን መፋቅ ነው። በላዩ ላይ አዲስ ማሸጊያ በደንብ አይይዝም፣ ስለዚህ ጨርሶ መነሳት አለበት። በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቁት፣ ብረት ጣሪያው የተሸፈነበትን ጎማ ይቀደዋል። ብሎኖቹን ፈትቼ ማስወጫውን አነሳሁና እንጨቱ እስኪደርቅ ጠበቅሁ (እርጥቡን ካሸጋችሁት ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል)። ከሥሩ ቡቲል ፕላስተር (ውሃ የማያስገባ፣ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ የጎማ ማሸጊያ) አነጠፍኩ፣ መልሼ አሰርኩት፣ ጠርዙንና የብሎኖቹን ራስ ለጎማ ጣሪያ በተሠራ ማሸጊያ ሸፈንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ ዝናብ ጥሏል። ፍራሹ ደረቅ ነው። እኔም በዓመት ሁለቴ ጣሪያው ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቴ እየነካሁ አያለሁ።