«ጦርነት ተነሣ ወይ?» ለምትሉኝ ሁሉ፤ ከሴኡል

ሰሜን ኮሪያ ሮኬት በተኮሰች ቁጥር ስልኬ ከአዲስ አበባ በሚላኩ መልእክቶች ይጨናነቃል። «ጦርነት ተነሣ ወይ? ምን ትጠብቃለህ፣ ተመለስ እንጂ!» የሚሉኝ ወዳጆቼ ሳምንት ሳይሞላ «ለእኔስ ቪዛ አይገኝም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዳቸው መመለስ ስላደከመኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።

በግንቦት 2023 መጨረሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ የሴኡል ነዋሪዎች ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። መልእክቱ ለመሸሽ ተዘጋጁ ይላል፤ ለምንና ወዴት እንደሚሸሽ ግን አይናገርም። እኔ ፓስፖርቴን፣ የትምህርት ማስረጃዬንና እናቴ የላከችልኝን በርበሬ በቦርሳ ጠቅጥቄ ወደ ደረጃው ስወጣ፣ ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊት ቆሻሻቸውን በየዓይነቱ ለይተው ሊጥሉ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ቦርሳዬን አይተው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጥቂት ቆይቶ መንግሥት መልእክቱ በስህተት የተላለፈ መሆኑን አስታወቀ። በዚያ ቀን ኮሪያውያን የተቆጡት ሰሜኑ በተኮሰው ሮኬት አልነበረም፤ ያለ ሰዓታቸው በመቀስቀሳቸው ነበር።

ይህ ዝምታቸው ድፍረት ይሁን ድካም ለመለየት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁን ድካም ነው እላለሁ። አገራቸው በ1945 የተከፈለችው ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች ካርታ ዘርግተው 38ኛውን ትይዩ መስመር ስለመረጡ ነው፤ ኮሪያውያንን የጠየቀ አልነበረም። ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበትን ጦርነት ያስቆመውን የተኩስ አቁም ስምምነት በሐምሌ 1953 የፈረሙት የተባበሩት መንግሥታት ጦር፣ ሰሜን ኮሪያና ቻይና ሲሆኑ፣ ደቡብ ኮሪያ ራሷ አልፈረመችም። የሰላም ስምምነት እስከ ዛሬ ስለሌለ በወረቀት ጦርነቱ አላበቃም። በደቡብ 28,500 ያህል የአሜሪካ ወታደሮች ይኖራሉ፤ ደቡብ በ2017 የአሜሪካን የሚሳይል መከላከያ በማስተከሏ ደግሞ ዋና የንግድ ሸሪኳ ቻይና ጎብኚዎቿን በመከልከል ቀጣቻት። ሰሜኑ በበኩሉ በ2024 ከሩሲያ ጋር የመረዳዳት ውል ፈርሞ ወታደሮቹን እስከ ሩሲያዋ ኩርስክ ድረስ ላከ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የሰሜኑ መሪ ኪም ጆንግ ኡን ውሕደት የሚባል ዓላማ እንደሌላቸው፣ ደቡብም ጠላት አገር እንደሆነች አውጀው፣ በፒዮንግያንግ የነበረው የውሕደት ሐውልት ፈረሰ። ተለያይተው ለቀሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀው የመጨረሻው መገናኛ በነሐሴ 2018 ነበር። ዘመዶቻችንን አገናኙን ብለው ከተመዘገቡት ከ130,000 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ ሳይገናኙ ሞተዋል።

እኛ ሐበሾች በዚህ አገር አንድ የተለየ ክብር አለን። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን የሰማ ሽማግሌ በባቡር ውስጥ ተነሥቶ እጅ ሊነሣችሁ ይችላል፤ በ1951 ለደቡቡ ሊዋጋ ቡሳን ወደብ የደረሰውን የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃን ያስታውሳል። በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ከ120 በላይ ሲሞቱ አንድም አልተማረከም፤ ቹንቾን ከተማም መታሰቢያ ቤት አላቸው። ችግሩ ኮሪያውያን ማንኛውንም ሐበሻ የቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ ነው ብለው መገመታቸው ነው። የእኔ አያት ገበሬ ነበሩ፤ ከወረዳቸው ወጥተው አያውቁም። ሆኖም ከመካከላችን ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ዘማች አያት የሚበቅልለት አልጠፋም። ይኸው የምንኮራበት ታሪክ ሁለተኛ ገጽም አለው፦ በደርግ ዘመን ፊታችንን ወደ ሰሜኑ አዙረን፣ ዛሬም አዲስ አበባ ላይ የቆመውን የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ አሠርተናል። ለደቡቡ ደም ሰጥተን ከሰሜኑ ሐውልት የተቀበልን ሕዝብ ነን፤ ይህን ግን በባቡር ውስጥ ለሽማግሌው አንነግረውም።

በዚህ ኩራት እንደተሞላሁ ነበር በድኅረ ምረቃ ክፍላችን ስለ ውሕደት ውይይት የተደረገው። ኮሪያውያኑ ተማሪዎች ስለ ወጪው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ሰሜኑ ሠራተኛ የሥልጠና ደረጃ ሲያሰሉ ሰምቼ ተናደድሁ። እጄን አውጥቼ፣ አንድ ቋንቋና አንድ ደም ያለው ሕዝብ እንዴት ወንድሙን በገንዘብ ይመዝናል፣ ውለው አድረው አንድ መሆናቸው አይቀርም ብዬ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች፣ እንደ ወትሮዋ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ልጅ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «እናንተስ ከኤርትራ ጋር የምትዋሃዱት መቼ ነው?» አለችኝ።

ሳላስበው አፌ መልስ ጀመረ፤ የኤርትራውያን ጉዳይ ሌላ እንደሆነ፣ በ1993 ነጻ አገር እንደሆኑ፣ መካከላችን የ1998ቱ ጦርነት እንዳለፈ፣ ዛሬ የሚያድግ ወጣት ያን ዘመን እንደማያስታውስ፣ ጎረቤት ሆኖ በሰላም መኖርም በቂ እንደሆነ። ልጅቷ እያንዳንዱን ነጥብ በማስታወሻዋ ትጽፍ ነበር። ስጨርስ ቀና ብላ፣ «እኛም የምንለው ይህንኑ ነው» አለች። ማንም አልሳቀም። ኮሪያውያን ሰው ሲያፍር ጠረጴዛ ማየት ይችሉበታል፤ እኛ ብንሆን ቢያንስ አንዱ ያጨበጭብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድማማችነት የሚለውን ቃል በዚያ ክፍል አላነሣሁም፤ አስመራ ዘመድ ያላት የአገሬ ልጅ ታሪኩን ስነግራት ግን ለረጅም ጊዜ አላናገረችኝም።

እንግዲህ «ይህች አገር ትዘልቃለች ወይ?» ለምትሉኝ መልሴ፣ እዚህ የሚኖሩትም እንደማያውቁ ነው። ዋሽንግተን፣ ቤይጂንግና ሞስኮ ሳይስማሙ ኮሪያውያን ብቻቸውን የሚወስኑት ነገር ጥቂት ነው። የሰሜኑ መንግሥት ውሕደትን ጥሎታል፤ የደቡቡ ወጣት አንድ ዓመት ተኩል ውትድርናውን ጨርሶ ሥራና ቤት ፍለጋ ይሯሯጣል። እናንተ ደግሞ ከጦርነቱ ይልቅ ልትፈሩት የሚገባ ነገር አለ። ለውጭ አገር ሠራተኞች ፈቃድ የሚሰጠው ሥርዓት ከተዋዋሉ አገሮች ጋር ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ እነርሱም የእስያ አገሮች ናቸውና «የኮሪያ የፋብሪካ ሥራ ቪዛ» የሚላችሁ ደላላ እያታለላችሁ ነው። ጥገኝነት ጠይቄ እቀራለሁ የምትሉም፣ ከአመልካቾች መካከል በስደተኛነት የሚታወቁት ከመቶ ሦስት እንኳን የማይሞሉ መሆናቸውን አስቡ። በትምህርት የምትመጡ ግን ኑ። ቤታችሁ አጠገብ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መጠለያ መሆን አለመሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት እዩ፤ የመኖሪያ ካርዳችሁን ደግሞ ጊዜው ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ጀምሮ ማሳደስ ስለሚቻል፣ እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ።