ውሃው በየት ገባ? የነከሰ ትራክተር ግቢዬ ውስጥ እንዴት እንዳስነሳሁ

የእኔ ትራክተር ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተ፣ በብዙ አገር የታወቀ ሞዴል ነው። የእኔው ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው። እጄ ሲገባ ለዓመታት ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል። ክላቹ ተጣብቋል። የእርሻ መሣሪያ የሚያነሳው የኋላ ማንሻ አይነሳም። የአንዱ ጎማ ቸርኬ በዝገት ተበልቷል። የሃይድሮሊኩ የላይ ክዳን አንድ ጆሮው ተሰብሯል። ያየው ሰው ሁሉ "ለቁራጭ ብረት ሽጠውና ተገላገል" ይለኝ ነበር።

አልሸጥኩትም። ዛሬ ያርሳል፣ ተጎታች ይስባል። እዚህ የደረስኩት በአንድ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሲገጥማችሁ "ምኑ ተበላሸ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ውሃው በየት ገባ?" ብላችሁ ጀምሩ። ሥራ ላይ እያለ የሞተ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በመበላት ነው። ቆሞ የሞተ ማሽን ግን የሚሞተው በውሃ ነው። ውሃው የገባበትን ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ ጉዳቱ የት እንዳለ ሳትፈቱት በፊት ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ትራክተሩን ዞሬ ዞሬ አየሁት። የጭስ ማውጫው ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የቆመ ነው፤ ክዳን የለውም። የማርሹ ዘንግ ሥር ያለው የጎማ ሽፋን ተሰነጣጥቋል። የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ጋርኒሶን (ማሸጊያ ጎማው) ጠፍቷል። ሦስት ቀዳዳ፣ ሦስት የጉዳት መንገድ። በኋላ ስፈታው ካገኘሁት ጉዳት አብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ የመጣ ነበር።

ከጭስ ማውጫው ልጀምር። ሞተር ሲቆም አንዱ ሲሊንደር የጭስ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሊቆም ይችላል። ዝናብ በቱቦው ይወርድና በዚያ ክፍት ቫልቭ ገብቶ ፒስተኑ አናት ላይ ይተኛል። ፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት የብረት ቀለበቶች) እና ሲሊንደሩ አብረው ይዝጋሉ። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) ሳነሳ ልክ ይሄንኑ አገኘሁ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ንጹሕ፣ አንዱ ብቻ ቀይ። ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር። ሞተሩ የነከሰው በአንድ ቦታ ብቻ ነው ማለት ነውና።

የነከሰ ሞተር ያለው ትራክተር ሲያዩ ብዙዎች የሚመክሩት "ማርሽ አስገብተህ በሌላ መኪና አስጎትተው" የሚል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። የተጣበቀ ፒስተን በጉልበት ሲጎተት ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል፣ ፋሻው ይሰበራል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይጫራል። በትዕግሥት ሊላቀቅ ይችል የነበረ ሞተር ለዘለቄታው ይበላሻል።

እኔ የተጠቀምኩት የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል የተቀላቀለበትን ነው። አሴቶኑ ቶሎ ስለሚተን በየጊዜው መጨመር ያስፈልጋል። በእሳትም ይቀጣጠላል፤ ብየዳም ሆነ ግራይንደር አጠገቡ አይደርስም። መጀመሪያ ከፒስተኑ በላይ ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩ። ዝገቱ እያለ ፒስተኑን ወደ ላይ ማስወጣት አይታሰብም። ከዚያ ድብልቁን አፍስሼ ተውኩት። በየመሃሉ ለሲሊንደሩ ስፋት የተቀረጸ ጠንካራ እንጨት ፒስተኑ ላይ አስቀምጬ በመዶሻ ቀስ ብዬ እመታለሁ። የምመታው ለመስበር አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ታች እንዲሰርግ ለማንቀጥቀጥ ነው። አንድ ጠዋት ድምፁ ተለወጠ። ደረቅ የነበረው ዱብታ ለሰለሰ። ፒስተኑ ከአንድ ፀጉር የማይበልጥ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ታች ትንሽ፣ ወደ ላይ ትንሽ እያሉ ማላቀቅ ነው።

ፒስተኑ ሲወጣ የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ተቦርቡሮ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መልሶ መግጠም ይቻላል፤ ሞተሩም ይነሳል። ነገር ግን ዘይት ይበላል፣ ያጨሳል። ይህ ሞተር የሚለወጥ ካሚቻ (የሲሊንደሩ የውስጥ ቱቦ) ያለው ስለሆነ ብሎኩን ወደ ማሽን ቤት ወስጄ የሦስቱንም ካሚቻ ከነፒስተኑና ከነፋሻው አስቀየርኩ። አንዱን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። ሆኖም ሞተሩን አንዴ አውጥቼው እያለ ሁለት አሮጌና አንድ አዲስ ማደባለቅ አልታየኝም።

ቤት ውስጥ የሚሠራና የማይሠራውን መለየት ትልቅ ነገር ነው። መፍታት፣ ማጽዳት፣ መለካት፣ መግጠም ቤት ይሆናል። ካሚቻ መግፋት፣ ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) መሞረድ፣ የናፍጣ ፖምፓ ማስተካከል አይሆንም። የክራንክሻፍቱን አንገቶች በማይክሮሜትር ለካኋቸው። በዓይን ሲታዩ ያማሩ ነበሩ። ማይክሮሜትሩ ግን አንዱ አንገት ክብነቱን እንደለቀቀ ነገረኝ። ስለዚህ ተሞርዶ የ0.25 ሚሊሜትር ትርፍ ውፍረት ያለው ብሮንዚና (አንገቱ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን) ገባለት። እጅና ዓይን ብዙ ያውቃሉ፤ የሚሊሜትር መቶኛን ግን አያውቁም። ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ከጎረቤት ይዋስ እንጂ በግምት ሞተር አይዝጋ።

ሞተሩን ስለማውጣት አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕይወት የሚያድን ነገር ነው። ይህ ትራክተር እንደ ጭነት መኪና ሻሲ የለውም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው አክስል ራሳቸው ናቸው አካሉ። መሃል ላይ ሲለያይ የፊተኛው ክፍል የሚቆመው በፊት አክስሉ ላይ ነው። የፊት አክስሉ ደግሞ መሃሉ ላይ ባለ ፒን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ስለዚህ ሳይለያይ በፊት በአክስሉና በላዩ ባለው ድጋፍ መካከል በሁለቱም በኩል የእንጨት ሽብልቅ መግባት አለበት። ካልሆነ ሞተሩ ወደ ጎን ይገለበጣል። ትራክተሩ በጠቅላላው አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው የለም። ብሎኬት ከሥሩ አታስገቡ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። ወፍራም እንጨት ወይም የብረት መቆሚያ ይሁን። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም።

ክላቹ ሲከፈት አሮጌው ሸራ ፍላይዊሉ (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለው ከባድ የብረት መንኮራኩር) ላይ በዝገት ተጣብቆ ነበር። የድሮ ክላችና ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን አስራችሁ ጣሉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ወደ ማርሹ ዘንግ ጎማ። የኋላ ማንሻውን የገደለው እሱ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ግንኙነቱ አይታየውም። በዚህ ትራክተር የሃይድሮሊክ ፖምፓው ውጭ አይደለም፤ መሃል አካሉ ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው። በተሰነጠቀው ጎማ የገባ ዝናብ ካምቢዮ ውስጥ አይቀርም፤ ከታች ተጠራቅሞ ፖምፓው ዘንድ ይደርሳል። ማፍሰሻውን ስከፍት መጀመሪያ የወጣው ንጹሕ ውሃ ነበር። ቀጥሎ ወተት የመሰለ ዘይት መጣ።

ፖምፓውን አውጥቼ ፈታሁት። ቫልቮቹ በዝገት ደርቀዋል። አካሉ ግን አልተበላም። ቫልቮቹንና የጎማ ማኅተሞቹን ቀይሬ፣ የውስጡን አካል በናፍጣ ደጋግሜ አጠብኩ። የመጀመሪያውን አዲስ ዘይት ጥቂት አሠርቼ አፈሰስኩት፤ የቀረውን ውሃ ይዞ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛ ዘይት ሞላሁ። ዘይት ውድ ነው፤ ፖምፓው ግን ይበልጣል።

እግረ መንገዴን፣ ማንሻው አልነሳ ያላችሁ ሰዎች ከመፍታታችሁ በፊት የኋላ ኃይል ማውጫው (ፒቲኦ) በማስገቢያ ዘንጉ መግባቱን አረጋግጡ። በዚህ ሞዴል ፖምፓውን የሚያዞረው እሱ ነው። ዘንጉ ካልገባ ጤነኛ ማንሻም አይነሳም። በዚህ ብቻ "ሃይድሮሊኩ ሞቷል" ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ትራክተር እንዳለ አልጠራጠርም።

ሃይድሮሊክ ላይ ቀልድ የለም። ከጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ አትዳስሱ፤ ካርቶን አስጠግታችሁ ፈልጉ። የናፍጣ ኢኔቶሪም (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) እንደዚያው ነው። ዘይት ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢሆንና ባያምም እንኳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ዘግይቶ የሄደ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ያጣል።

የተሰበረው የክዳኑ ጆሮ ውሰድ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ካስት አይረን) ነው። ውሰድ ብረት እንደ ተራ ብረት አይበየድም፤ ቶሎ ሲሞቅና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ስብራቱን በግራይንደር ቪ ቅርጽ አስያዝኩ። የውስጡ ዘይት እንዲቃጠል በእሳት አሞቅኩት። ቀጥሎ በኒኬል ኤሌክትሮድ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ እየበየድኩ፣ ገና ትኩስ እያለ በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጥኩ ሄድኩ። መቀጥቀጡ ብየዳው ሲቀዘቅዝ የሚፈጥረውን መሳሳብ ያላላል። ሲያልቅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩትና እስከ ማግስቱ አልነካሁትም። ከጆሮው በታች የሄደ ቀጭን ስንጥቅ ነበር። እሱን ከመበየዴ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቻለሁ፤ ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ።

በመሪው ዘንግ ላይ ያየሁትን ስንጥቅ ግን አልበየድኩም። ሌላ ፈልጌ ቀየርኩት። የእኔ መመሪያ ይህ ነው። ቢሰበር ዘይት የሚያፈስ ከሆነ እበይዳለሁ። ቢሰበር ሰው የሚገድል ከሆነ እቀይራለሁ።

ስለ ዛጉ ብሎኖች አጭር ልበል። ዳዶውን በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ማሞቅ፣ ትንሽ በረድ ሲል ሻማ ማስነካት። ሰሙ ቀልጦ ፊሌቶው (የብሎኑ ጥርስ) ውስጥ ይገባል። አንገቱ የተቆረጠ ብሎን ከሆነ ላዩ ላይ ዳዶ በይዶ ገና ትኩስ እያለ ማዞር። ብዙውን የፈታሁት በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳ ታንከሩ ነበር። በክዳኑ የገባው ውሃ ታችኛውን ክፍል አዝጎ፣ ዝገቱ እስከ ናፍጣ ፖምፓው ሄዷል። ፖምፓውን ራሴ አልፈታሁም። መሞከሪያ ማሽን ወዳለው ባለሙያ ወሰድኩት። ባለሙያው ናፍጣ የሚመጥነው ቫልቭ ደርቆ መያዙን አሳየኝ። ይህ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቢይዝና ሞተሩ ቢነሳ፣ ፍጥነቱ ያለ ልክ ይጨምራል፤ በማጥፊያውም አይጠፋም፣ እስኪበታተን ይሮጣል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ናፍጣ ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ አንድ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ አየር ማስገቢያው አጠገብ መቆም ያለበት ለዚህ ነው። አየር ከታፈነ ሞተሩ ይሞታል። ጣውላ እንጂ እጅ ወይም ጨርቅ አይሁን። ጨርቁን ይውጠዋል፣ እጅንም ይጎዳል።

ለማስነሳት አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ናፍጣ ተዘግቶ ሞተሪኖው (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) ሞተሩን አዞረ፤ የዘይት ግፊቱ ጌጅ ላይ እስኪታይ ድረስ። ቀጥሎ አየሩን ማውጣት ነው። ከፊልትሮ ይጀመራል፣ ወደ ፖምፓው ይኬዳል፣ በመጨረሻ ወደ ኢኔቶሪዎቹ። ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ አየሩ ይቀራል፣ ሞተሩም አይነሳም። የሞተሪኖውን ሁለት ጫፍ በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት የለመደ ብዙ ነው። ያ መንገድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ማብሪያ ያልፈዋል። ማርሹ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ ጎማው ሥር የቆመውን ሰው ይዞት ያልፋል። እኔ ማብሪያውን አስተካክዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው ያስነሳሁት።

ተነሳ። ነጭ ጭስ አወጣ፣ ቀስ በቀስ ጠራ። ጣውላው አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ነው። ጥቂት ሰዓት እንደሠራ የሞተር ዘይቱን ቀየርኩ። የቴስታታውን ዳዶዎች የትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ በሚያዘው ጥብቀት ደግሜ አጠበቅኩ። የቫልቮቹን ክፍተት እንደገና ለካሁ። የተበላውን ቸርኬ ቀይሬያለሁ። ጎማው ውስጥ ለክብደት የተሞላው የካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ነበር ያዛገው፤ አሁን በአየር ብቻ ነው የሚሄደው። ከኋላ አክስሉ በግራ በኩል ዘይት ወደ ፍሬኑ ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠባል። ማኅተሙ ተገዝቷል። ዳገትና ቁልቁለት ያለበት ሥራ የሚጀምረው እሱ ከገባ በኋላ ነው።